ባለቤቱ ያልመጣለት ጫማ

እኔ ሰው የማውቀው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ስቀልድበት የኖርኩት አባባል ነው፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ስናገረው ያመኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጫማ ስጠግን አንገቴ እንዳጎነበሰ ቀርቷል። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ተረከዙን አያለሁ፣ ቀጥሎ ሶሉን፤ ፊቱ ላይ እስክደርስ እሱ ወጥቶ ሄዷል። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ሱቁንም ልማዱንም ያወረሰኝ እሱ ነው። ስም አይጠይቅም። ጫማውን ይገለብጥና እንደ ሶሉ አበላል ቅጽል ያወጣለታል፤ ከዚያ ከጫማው ምላስ ሥር በእስክሪብቶ ቅጽሉንና የመጣበትን ቀን ይጽፋል። እኔም የማደርገው ያንኑ ነው። የከተማችን ዳኛ እኛ ቤት «ጎታቹ» ነው። የሚስቴ ወንድም «ዳክዬ» ነው፤ ይህን እስካሁን አልሰማም፣ እንዳታሰሙብኝ።

ሁለተኛው የቤታችን ሕግ ከመደርደሪያው በላይ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ «ዓመት ሞልቶት ባለቤቱ ላልመጣለት ጫማ አንጠየቅም» ይላል። ታዲያ ጫማው የት ይሄዳል? እግራችን ላይ ነዋ! እኛ ቤት አዲስ ጫማ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው የለም። አባቴ እናቴን ያገባው በሰው ጫማ ነው፤ ለካ የጫማው ባለቤት ሠርጉ ላይ ተጋብዞ ኖሯል፣ አባቴ ቀኑን ሙሉ እግሩን ከጠረጴዛ ሥር ሸሽጎ ዋለ። «ሙሽራው ምነው አይጨፍርም?» እየተባለ ታማ።

የሚስቴ ወንድም የአውቶብስ ሾፌር ነው። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ፣ በረዶ መንገዱን ሳይዘጋው፣ ከከተማችን በላይ ያለውን ተራራ ካልወጣ ዓመቱ ያለቀ አይመስለውም። ስድስት ዓመት አብረን እንውጣ ብሎ ለምኖኛል፤ እኔም ስድስት ዓመት ጫማ የለኝም ብዬዋለሁ። ጫማ ሠሪ ጫማ የለኝም ሲል ሰው ለምን እንደሚያምነው አላውቅም። ዘንድሮ ግን ሚስቴ መሐል ገባች። «ሂድ» አለችኝ፤ «ቦርጭህ ከአንተ ቀድሞ በር እየገባ ነው።»

ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ዓመት ከሞላቸው መሐል፣ አንድ ቡኒ የተራራ ቡትስ አወረድኩ። ክሩ ቀይ ነው፣ ሶሉ ወፍራም። ምላሱን ገለበጥኩት፤ በራሴ እጅ «ግራ በላ፣ ሰኞ 13» ተብሎ ተጽፎበታል። የግራው ተረከዝ ወደ ውጭ ተበልቶ ነበር፤ አድሼው ተቀምጧል። የቀኙ አንድ የክር መንጠቆ ተነቅሎ ኖሮ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። የሰፋው ሰው ባለሙያ አለመሆኑ ያስታውቃል፤ እልኸኛ መሆኑም ያስታውቃል፣ አምስት ጊዜ ነው ያመላለሰው። ጠበቅ ስላለ አልነካሁትም። እግሬን ሰደድኩበት። ልክ! ለእኔ ተለክቶ የተሠራ ነው የሚመስለው። ዓመት ከሞላው ገና አራተኛ ቀኑ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ከመጨረሻው ፌርማታ ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል መንገዱ ደግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ሳይሆን ግድግዳ ነው። እርጥብ ቅጠል ድንጋዩን ሸፍኖታል፤ አንዱን እግሬን ሳነሳ ሌላው ይከዳኛል። ሾፌሩ ከፊቴ እንደ ፍየል ይዘላል።

«ወራጅ አለ!» አልኩት ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«እዚህ ፌርማታ የለም» አለኝ፣ ዞር እንኳ ሳይል።

ጫማው ግን ምን ልበላችሁ! ድንጋይ ሲረግጥ ንክስ ያደርጋል፣ ውኃ አያስገባም፣ እግር አይልጥም። በልቤ ግራ በላን አመሰገንኩት። የትም ይሁን የት እግሩን እንቅፋት አይምታው፣ ብዬ መረቅኩት። ይህን ምርቃት አሁን ሳስታውሰው የምገባበት ይጠፋኛል።

መንገዱ በጣም በሚጠብበት ቦታ ድንጋዩ ላይ የብረት ሰንሰለት ተወጥሯል። እዚያ ስንደርስ ከላይ አንዲት ሴት ሰንሰለቱን ይዛ ስትወርድ አየንና ድንጋዩን ተጠግተን ቆምን። እንደ ልማዴ ያየሁት ጫማዋን ነው። ጫፉ ላይ ተልጧል፣ ቁልቁለት የሚያበዛ ሰው ጫማ ነው። እሷም አንገቷን ደፍታ እግሯ የሚያርፍበትን እያየች መጣች፤ አንድ ክንድ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እለፊ እህቴ» አልኳት።

አላለፈችም። እግሬን ነው የምታየው። ሰንሰለቱን ወደ ራሷ ጠበቅ አድርጋ ሳበችው፤ ብረቱ ከድንጋዩ ጋር ሲንኳኳ እኔ በያዝኩት በኩል እጄ ላይ ተሰማኝ።

«ጫማውን ከየት አገኙት?» አለችኝ።

ሾፌሩ የቤታችንን ሕግ ያውቃል። ባለቤት የመጣብን መስሎት ቀደመኝ። «ከገበያ ነው የተገዛው። እንዲህ ያለው በየገበያው ሞልቷል፣ እህቴ።»

እሷ የሰማችውም አትመስል። ጎንበስ አለችና የቀኙን ሰማያዊ ክር በጣቷ ነካችው። «ይሄን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «አምስት ጊዜ ነው ያመላለስኩት፤ ጣቴን ወግቶኛል። የባሌ ነው። ባሌ ይሄን አድርጎ እዚህ ተራራ ላይ ከጠፋ ዓመቱ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አገኛችሁት እንዴ? የት ወድቆ ነው ያገኛችሁት? ከእግሩ ላይ ነው ያወለቃችሁት?»

ክው አልኩ።  ሴትዮዋ ከባሏ አስከሬን ላይ ጫማ የገፈፍኩ ሰው ነው የመሰልኳት፤ እኔ ደግሞ አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ሾፌሩ ፊቱ አመድ ሆነ። «ያ ሰውዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ያ አምና የፈለግነው ሰውዬ።»

አምና ከተማው በሙሉ ነበር የወጣው። ሾፌሩ ራሱ ፈቃድ ወስዶ ሦስት ቀን በዝናብ ፈልጓል። እኔ አልወጣሁም። እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ፈላጊዎቹ ድንጋይ ላይ የቀደዱትን ጫማ ለበጎ አድራጎት ብዬ በነፃ እጠግን ነበር፤ ተመስግኜበታለሁም።

ከሰንሰለቱ በላይ ሰው የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ደግፈን እዚያ አስቀመጥናት። ውኃ ሰጠናት፣ አልጠጣችም። ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችን። ባሏ ቅዳሜ ገና ሲነጋ ነው የወጣው፤ «እራት ሳይቀርብ እመለሳለሁ» ብሏታል። በረዶ ጥሎ መንገዱ እስኪዘጋ ፈለጉት። በረዶው ከቀለጠ ወዲህ ደግሞ እሷ ብቻዋን በየቅዳሜው ትወጣለች፣ ገደል ለገደል እያየች።

«ዛሬ ሠላሳ አራተኛዬ ነው» አለች። «በረዶው ከመጣ ደግሞ ሌላ ዓመት ልጠብቅ ነው። እናቱ እኔ ጋ ናት። በየቀኑ ‹ብቻውን ለምን ለቀቅሽው› ትለኛለች። አጥንቱን እንኳ ባመጣላት ዝም ትለኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «እባክዎ፣ ጫማውን የት እንዳገኙት ብቻ ያሳዩኝ። ምንም አልልዎትም።»

የዚያን ጊዜ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ነገር ቦታ ቦታውን የያዘው። ቅዳሜ ወጣ። ሰኞ 13። የዚያን ሰኞ ዝናብ ነበር፤ ሾፌሩ ተራራው ላይ ነበር። እኔ ቤት ደግሞ አንድ ሰው ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቡትሱን አወለቀ። ጭቃ የሚባል አልነካውም። ከቦርሳው ጥቁር የከተማ ጫማ አወጣ፣ አዲስ፣ ሶሉ መሬት ያልነካ፤ እሱን አጠለቀ። «መቼ ይድረስልህ?» አልኩት እንዳጎነበስኩ። «ቀስ ብለህ ሥራው፤ አልቸኩልም» አለኝ።

አልቸኩልም! በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያለኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ጫማውን የሚፈልገው ለትናንት ነው። እኔ ጅሉ ደስ ብሎኝ «ጨዋ ሰው» ብዬ ቡትሱን ከላይ ሰቀልኩት። ጫማ ቆሻሻ ላይ ቢጥለው ሰው ያነሳዋል፤ እኛ ቤት ካስቀመጠው ግን ዓመት ሙሉ ማንም አይነካውም፣ ማንም አይጠይቅም። ሕጉ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። አንብቦታል።

ሾፌሩ ፊቴን አይቶ አንድ ነገር እንዳለ ገባው። ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለና «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ዝም አይነቅዝም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዝም ብል አይነቅዝም ነበር። «መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» ብላት ኖሮ ግን ባሏ ሞቶ ይቀር ነበር፤ እሷም በሚመጣው ዓመት ደግሞ ገደል ለገደል ስትዞር ወይ አንዱ ውስጥ ትገባለች። እግሯን አየሁ። የቀኙ ሶል ጫፉ ላይ መላቀቅ ጀምሯል፤ ለዚህ ቁልቁለት ጨርሶ አይሆንም።

«ባልሽ ሰኞ እኔ ሱቅ መጥቶ ነበር» አልኳት። «ጫማ ሠሪ ነኝ።»

«የቱ ሰኞ?»

«ቅዳሜ በወጣ በሦስተኛው ቀን። ቡትሱን ትቶ በአዲስ ጥቁር ጫማ ሄደ።»

ቡትሱን አውልቄ ምላሱን ገልብጬ ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በጣቷ ቁጥሩን ፈተገችው፣ የሚለቅ መስሏት።

«ግራ በላ» አለች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ያልገባኝ ድምፅ አወጣች። «እውነት ነው። ሁሌም ግራውን ነው የሚጨርሰው።» ከዚያ አንቱታው ቀረ። «ፊቱን አላየህም?»

«አላየሁም።»

«ፎቶው በርህ ላይ ነው! እኔው ነኝ የለጠፍኩት! ‹ቡኒ ቡትስ፣ ቀይ ክር› ብዬ ጽፌበታለሁ። ዓመት ሙሉ በርህ ላይ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወረቀቱ የተለጠፈው ከበሩ መስተዋት ውጪ ወደ መንገዱ ዞሮ ነው፤ ለእኔ የሚታየኝ ነጩ ጀርባው ነው። የከሰዓቱን ፀሐይ ከዓይኔ ላይ ይከልልልኝ ነበር። «አንሳው እንጂ፣ ሰውዬው ሞቷል» ሲሉኝ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያልኩ እስቅ ነበር። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። «አንቺን ግን አስታውሳለሁ» አልኳት መጨረሻ ላይ። «‹ልለጥፍ ወይ› ብለሽ ስትገቢ ግራጫ የሸራ ጫማ አድርገሽ ነበር። በዝናብ ርሶ ነበር። የቀኙ ክር ተበጥሷል።»

«የባሌን ፊት አላየህም» አለች፣ «የእኔን የጫማ ክር ግን ታስታውሳለህ።»

ያን ጊዜ ሾፌሩ ፈነዳ። «ሦስት ቀን!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ገደሉን ዞሮ ተመለሰ። «ሦስት ቀን በዝናብ ስሙን ስጠራ! እሱ ከታች ሆኖ ጫማ ይቀይራል!» ከዚያ እሷን አየና አፈረ፤ ዞሮ ቆመ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «እኔም ጠርቼዋለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

 ንፋሱ ይበርዳል። ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ነው። «በየቅዳሜው ይዤው እወጣለሁ» አለች። «ሲገኝ እግሩ ይቀዘቅዘዋል ብዬ። የሞተ ሰው እንደማይበርደው አጥቼው አይደለም።»

እኔ ሌላኛውንም ቡትስ አውልቄ አጠገቧ አኖርኩላት። ድንጋዩ ላይ በካልሲ ቆምኩ።

«በምን ልትወርድ ነው?» አለች።

«በእግሬ።»

«ያንን ቁልቁለት? አንድ የጠፋ ይበቃናል።» ቡትሱን ገፋ አደረገችልኝ። ከዚያ እግሬን አየችና የሱፉን ካልሲም ወረወረችልኝ። «ያንተ ተቀዷል፤ አውራ ጣትህ ወጥቷል።»

እንግዲህ የሰው ባል ካልሲ አጥልቄ፣ የሰው ባል ቡትስ አድርጌ ወረድኩ። ጫፍ ድረስ አልሄድንም፤ ሾፌሩም አላነሳውም። እሷ ከፊት ነበረች። ያን ሁሉ ቅዳሜ አንዱንም ሳታይ አላልፍም ያለችውን ገደል፣ ያን ቀን አንዱንም ዞር ብላ አላየችም። መንገዱን ብቻ እያየች ወረደች። ከኋላዋ ስሄድ ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው።

ሱቄ ስንደርስ ወረቀቱን በጥፍሯ ፍቃ አነሳችና አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። ቡትሱንም ሰጠኋት፤ ለእናቱ ማሳያ ይሁንሽ ብዬ። አቅፋው ሄደች። መስተዋቱ ባዶ ሆኖ ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

በአራተኛው ቀን በሩ ተከፈተ። ጫፉ የተላጠ ቡትስ ገባ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫማው በፊት ፊት ላይ ለመድረስ ሞከርኩ፤ አንገቴ ተንቋቋ። እሷ ናት። ዓይኗ አብጧል። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ለእናቱ ነገርሻቸው?»

«ነገርኳት። ቡትሱን አቅፋ ‹ልጄ በሕይወት አለ› ብላ ተንበረከከች። በደስታ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።» ክሯን መፍታት ጀመረች። «ከዚያ ቀና ብላ ‹ምን አድርገሽው ነው የሄደው?› አለችኝ።»

 እሷ ቡትሷን አወለቀች። «ሶሉ ተላቅቋል» አለች፤ «ይሥሩልኝ።» አንቱታው ተመልሶ ነበር። ከቦርሳዋ ጥቁር የከተማ ጫማ አወጣች። አዲስ ነው። ማጥለቅ ጀመረች።

«መቼ ይድረስልሽ?» አልኳት። አፌ ለምዶት ነው፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

«ቀስ ብለው ይሥሩት» አለች። «አልቸኩልም።»

መዶሻው ከእጄ ወደቀ።  ዓመት ሙሉ ሰው ሲንከራተት የኖረባትን ያችን ቃል፣ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ በዚያው ዓይነት ጫማ! ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አይሆንም» አልኳት። «ተቀመጪ፤ እየጠበቅሽ ነው የምሠራው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጫማ አላሳድርም።»

«ምን ሆኑ? ፈሩ እንዴ?»

«አዎ፣ ፈራሁ። የት ልትሄጂ ነው?»

አንዱን እግሯን በአዲሱ ጫማ፣ ሌላውን በካልሲ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ። «ብሄድስ?» አለች። «ዓመት ሙሉ የገዳይ ያህል ታየሁ። አሁን ደግሞ አባራሪ ሆንኩ። ብሄድስ ማን ይፈልገኛል?»

«ሂጂ!» አልኳት፤ እየጮኽኩ እንደሆነ አላወቅኩም። «መሄድ ያለ ነው። ግን ጫማሽን ይዘሽ ሂጂ፣ የት እንደምትሄጂ ለሰው ነግረሽ ሂጂ! ገደል ውስጥ የሚጠራሽ ሰው ጥለሽ አትሂጂ። ማን ይፈልገኛል ትያለሽ? እኔ እፈልግሻለሁ። ያ ሾፌር ይፈልግሻል፤ ተሳዳቢ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው። ፊትሽን አሁን አውቀዋለሁ።»

 ከዚያ ወደ ኋላ ተደገፈች። «ይሥሩት እንግዲህ» አለች።

ሠራሁት። የድሮውን ማስቲሽ ፍቄ፣ አዲስ ቀብቼ፣ እስኪይዝ በመቆንጠጫ አስሬ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሻይ አስመጣሁ።  ስጨርስ ምላሱን ገለበጥኩና እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ቅጽል ላወጣላት አልደፈርኩም። ስሟን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ሙሉውን ጻፍኩት። በዚያ ሱቅ ውስጥ በአባቴም በእኔም እጅ የሰው ስም ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነው።

ቡትሷን አድርጋ ተነሳች፤ አዲሱን ጫማ ቦርሳዋ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና አጥፋ የያዘችውን ያንን ወረቀት አወጣች። በነጩ ጀርባው ላይ የእህቷን ከተማ፣ ሰፈሩንና የምትሄድበትን ቀን ጻፈች። ከጠረጴዛዬ ላይ ማጣበቂያ ወስዳ ከውስጥ በኩል መስተዋቱ ላይ ለጠፈችው፤ የባሏ ፊት እንደ አምናው ወደ መንገዱ ዞሮ፣ የእሷ ጽሑፍ ወደ እኔ ዞሮ።

«እናቱ ከጠየቀች ያንብቡላት» አለች። «እሱም ከመጣ።»

ሄደች። እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋት፤ ሁለቱንም ተረከዟን እኩል ነው የምትረግጠው። ፀሐዩ እንደገና ተከልሎልኛል። ሥራ ላይ ሆኜ ቀና ባልኩ ቁጥር የት እንዳለች አነባለሁ፤ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀና እላለሁ።